አዲሱን የኤአይ ሞዴል ለራሳችን ሥራ መግራት

አዲስ የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሞዴል በወጣ ቁጥር ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም ላይ የሚሰማው አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ተአምር ነው» ይላል፤ ሌላው «ካለፈው በምን ይለያል?» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚፈርዱት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ያውም ለአሮጌው ሞዴል የለመዱትን እንዳለ ለጥፈው። ሞዴሉ ሲቀየር የአጠያየቅ ልማዱም መቀየር አለበት። አዲሶቹ ሞዴሎች ከቀደሙት የሚለዩት ብዙ በማወቃቸው ብቻ አይደለም፤ የታዘዙትን ቃል በቃል መፈጸምም ይቀናቸዋል። ያላዘዛችሁትን ሥራ አይሠሩም፤ ያልነገራችሁትን መረጃ ግን ከሌላ አገር ያመጡታል። ቀሪው ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የያዛችሁት የትኛው ነው?

ቻትጂፒቲ፣ ጀሚናይ ወይም ክሎድ የሚለው ስም የቤተሰብ ስም ነው። በእያንዳንዱ ሥር ትልቅና ትንሽ፣ አዲስና አሮጌ ሞዴሎች አሉ። በነፃ የሚጠቀም ሰው የተመደበለት ገደብ ሲያልቅ ሳያስተውለው ወደ ትንሹ ሊወርድ ይችላል። ጠዋት ጥሩ የሠራው ማታ የደነዘዘ ከመሰላችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። የሞዴሉን ስም ከመምረጫው ዝርዝር ወይም ከሴቲንጉ ላይ አንብቡ እንጂ ራሱን «አንተ ማነህ?» ብላችሁ አትጠይቁት። የተማረው የራሱ ስም ከመውጣቱ በፊት በተጻፈ ጽሑፍ ስለሆነ የአሮጌውን ወንድሙን ስም ሊነግራችሁ ይችላል።

ሁለት ማብሪያዎችን ደግሞ እወቋቸው። አንዱ የኢንተርኔት ፍለጋ ነው። እያንዳንዱ ሞዴል ዕውቀቱ የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ፍለጋው ካልበራ የዘንድሮውን የማዳበሪያ ዋጋ ወይም የፈተና መርሐ ግብር ሊያውቅ አይችልም፤ ግን መልስ ከመስጠት አይመለስም። ሌላው «ረጅም ማሰብ» የሚባለው ነው። ይህ ሲበራ ሞዴሉ መልሱን ከመጻፉ በፊት ለራሱ ረቂቅ ይሠራል። ለሒሳብ፣ ሁለት ሰነድ ለማመሳከር፣ በኮድ ውስጥ ስሕተት ለመፈለግ ይጠቅማል። ለአንድ ደብዳቤ የፊደል እርማት ግን ጊዜና ገደብ ከመብላት በቀር የሚጨምረው የለም።

ፈተና አውጡለት

አዲስ በሬ የገዛ ገበሬ መጀመሪያ አጭር ትልም ያስይዘዋል እንጂ ክረምቱን ሙሉ የሚታረሰውን ማሳ ባንዴ አይሰጠውም። ለሞዴሉም እንዲሁ ነው። ከራሳችሁ ሥራ መልሳቸውን አስቀድማችሁ የምታውቋቸው 10 ያህል ጥያቄዎች አውጡ፤ በአንድ ወረቀት ላይ መልሱን፣ በሌላው ጥያቄውን ጻፉ። ጥያቄው ከበይነ መረብ የተገለበጠ አይሁን፤ እንዲህ ያለውን ሞዴሉ አስቀድሞ አንብቦት ሊሆን ይችላል።

ቢቸና ያለ የሒሳብ መምህር ተማሪ የሠራውን፣ መሐሉ ላይ የምልክት ስሕተት ያለበትን ስሌት ሰጥቶ «የቱ መስመር ላይ ተሳሳተ?» ቢል ብዙ ይማራል። ቡሬ ያለ ነጋዴ በእጅ የተጻፈ የዱቤ ዝርዝር ፎቶ አንስቶ ያስደምር። የቀበሌ ጸሐፊ ሦስት ውሳኔ ያለበትን ቃለ ጉባኤ ሰጥቶ «ውሳኔዎቹን ብቻ አውጣ» ይበል። እዚህ ላይ የሚታየው ሦስቱን ማግኘቱ ብቻ አይደለም፤ በውይይቱ ላይ የተነሣውን ነገር ግን ያልተወሰነውን አራተኛ አድርጎ ይጨምራል ወይ? የሚለው ነው። ይህ ዓይነቱ ጭማሪ አደገኛ የሚሆነው ከእውነተኛው ጋር ተመሳስሎ ስለሚጻፍ ነው።

እያንዳንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አዲስ ውይይት ከፍታችሁ ጠይቁ። ሞዴል ለአንድ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ መልስ አይሰጥም፤ ቀጣዩን ቃል የሚመርጠው ከሚሆኑት ውስጥ በዕድል ነው። ያለፈውን ውይይት የሚያስታውስበት አማራጭ ካለም ለፈተናው ጊዜ አጥፉት፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው መልስ ወደ ሁለተኛው ይሾልካል። ሦስቱንም ካገኘ ያንን ሥራ አደራ ልትሰጡት ትችላላችሁ፤ ሁለት አግኝቶ አንድ ከሳተ ሥራው ሁልጊዜ መታየት ያለበት ነው። አንድ ብቻ ካገኘ ወይ ትዕዛዛችሁን ቀይሩ ወይ ያንን ሥራ በእጃችሁ ሥሩ።

ቀን፣ ሰዓትና ጥማድ

በእኛ አካባቢ ሥራ ላይ ብዙ ጥፋት የሚገባው በእነዚህ ሦስት በሮች ነው፤ ስለዚህ በፈተናው ውስጥ ሦስቱም ይኑሩ።

ከቀን እንጀምር። ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 2024 ነው። ይህን አብዛኞቹ አዳዲስ ሞዴሎች ያገኙታል። የሚወድቁበት ከዘመነ ሉቃስ ማግሥት ነው። በሉቃስ ዓመት ጳጉሜን 6 ስለምትሆን በዮሐንስ ዓመት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ላይ ይውላል፤ ልዩነቱም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ አብሮ ይሄዳል። ለምሳሌ ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የዋለው ዲሴምበር 11 ቀን 2023 ነው፤ ሞዴሉ እንደ ሌላው ዓመት ቆጥሮ 10 ቢላችሁ አትገረሙ። በዮሐንስ ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 የሚከበረውም በዚሁ ሒሳብ ነው። ቀጣዩ እንዲህ ያለ ዓመት 2020 ዓ.ም. ነው። መፍትሔው ሞዴሉን ማስታወስ ነው፤ «መጀመሪያ የዓመቱን መስከረም 1 በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፍ፤ ከዚያ እየቆጠርህ ቀኑ ላይ ድረስ» በሉት። ሥሌቱን ሲያሳይ ስሕተቱም ይታያል።

ሰዓቱ ላይ «ስብሰባው 3 ሰዓት ነው» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ግብዣ ብታስጽፉ 3 ፒኤም ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ መጻፍ የነበረበት 9 ኤኤም ነው። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ መጻፍ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ሌሊትን ደግሞ ሌሊት በሉት፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት 2 ኤኤም ነው፤ «8 ሰዓት» ብቻ ካላችሁት ከቀኑ ጋር ይምታታበታል።

መሬቱን በተመለከተ ጥማድ ወይም ቃዳ በተለምዶ ሩብ ሄክታር ተብሎ ይቆጠራል። ይህን ካልነገራችሁት ሞዴሉ ወይ የራሱን መጠን ይሰጣችኋል ወይ ሄክታር አድርጎ ያልፈዋል። ለፈተና የሚሆን ጥያቄ እነሆ፦ «የወረዳው ምክር በሄክታር 200 ኪሎ ቢሆን ለ3 ጥማድ ስንት ኩንታል ያስፈልጋል?» መልሱ 3 ሲባዛ በ0.25፣ ማለትም 0.75 ሄክታር፤ 150 ኪሎ፤ አንድ ኩንታል ተኩል። ሞዴሉ «6 ኩንታል» ብሎ ከመለሰላችሁ ጥማዱን ሄክታር አድርጎታል ማለት ነው። ገበሬው ያንን ቢከተል አራት እጥፍ ይገዛል።

ትዕዛዙን መጻፍ

አንድ የግብርና ባለሙያ «ስለ ኖራ ማስታወቂያ ጻፍልኝ» ቢል የሚያገኘው የታወቀ ነው። ግብርና የኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት መሆኑን የሚያበስር መግቢያ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የቶን ቁጥር፣ መዝጊያው ላይም «ለበለጠ መረጃ የግብርና ባለሙያ ያማክሩ»። ባለሙያው ራሱ ነው የጠየቀው! ሞዴሉ ግን ማን እንደጠየቀው፣ ለማን እንደሚነበብ፣ በምን እንደሚነገር አልሰማም።

ይኸው ሥራ በሙሉ ትዕዛዝ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ለጎዛምን ወረዳ አርሶ አደሮች በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ የሚነበብ ማስታወቂያ ጻፍ። ጉዳዩ አሲዳማ በሆነ ማሳ ላይ ኖራ መጨመር ነው። አድማጩ ቆሞ፣ በጫጫታ መሐል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ማስታወቂያው ከ120 ቃላት፣ አንዱ ዓረፍተ ነገር ከ12 ቃላት አይብለጥ። እናንተ እያልክ ጻፍ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አርሶ አደሩ ምን ማድረግ እንዳለበት ይናገር፤ መግቢያና የምስጋና መዝጊያ አትጻፍ። ከዚህ በታች ካለው መረጃ ውጭ ምንም ቁጥር፣ ቀን ወይም የቦታ ስም አትጨምር። የጎደለ ነገር ካለ ራስህ አትሙላው፤ ለብቻው ጠይቀኝ። መረጃው የሚከተለው ነው፦»

ከዚህ ሥር ባለሙያው ኖራው የሚታደልበትን ቦታና ቀን፣ በአፈር ምርመራው መሠረት ለአንድ ጥማድ የሚበቃውን መጠን፣ ከዘር ምን ያህል ቀደም ብሎ ተበትኖ በእርሻ ከአፈር ጋር መቀላቀል እንዳለበት ይጽፋል። መጠኑን ከሞዴሉ አይጠይቅም። የኖራ መጠን በአፈሩ አሲዳማነት ልክ ስለሚለያይ ለአንዱ ማሳ የሚሆነው ለሌላው አይሆንም፤ ሞዴሉ ደግሞ አፈሩን አላየም።

በዚህ ትዕዛዝ ውስጥ ብዙ ሥራ የሚሠራው «ቆሞ፣ በጫጫታ መሐል» የሚለው ነው። ለትዕዛዙ ምክንያት ስትሰጡት ሞዴሉ ያልዘረዘራችሁትን ሁሉ በዚያ ይመዝናል፤ ቦታውንና ቀኑን ሁለት ጊዜ ይደግማል፣ ረጅም ቁጥር በአንድ ትንፋሽ አይደረድርም። «አጭር አድርገው» ብቻ ቢባል ግን ያሳጥራል እንጂ ለጆሮ እንዲመች አያደርገውም። «ጠይቀኝ» የምትለዋንም አትናቋት፤ መውጫ በር ካልተሰጠው ክፍተቱን በራሱ ፈጠራ ይደፍነዋል። የቃላቱን ቁጥር ግን ራሳችሁ ቁጠሩ፤ እነዚህ ሞዴሎች የራሳቸውን ቃል በትክክል መቁጠር አይሆንላቸውም።

ካለፈው ሞዴል የተረፉ ልማዶችን አራግፉ። «አንተ የ30 ዓመት ልምድ ያለህ ሊቅ ነህ» የሚለው መክፈቻ ዛሬ እምብዛም አይጨምርም፤ በምትኩ አንባቢው ማን እንደሆነ መንገር ይበልጣል። «ደረጃ በደረጃ አስብ» የሚለውም ረጅም ማሰብ በበራበት ሞዴል ላይ ትርፍ ነው። ማስፈራራትና ሦስት አራት ቃለ አጋኖ መደርደር ደግሞ ይጎዳል። አሮጌው ሞዴል ስለሚረሳ ይጮህበት ነበር፤ አዲሱ ጩኸቱን ከልቡ ወስዶ «በፍጹም ቁጥር አትጻፍ» ቢባል የስብሰባውን ሰዓት ሳይቀር ይሰርዛል። «ማሻሻያ ጠቁመኝ» ካላችሁትም ጠቁሞ ያቆማል፤ እንዲያስተካክለው ከፈለጋችሁ «አስተካክለህ ሙሉውን ጻፍ» በሉት።

መልሱ ካልጣማችሁ «አሻሽለው» አትበሉ፤ የቱ ዓረፍተ ነገር፣ ለምን እንዳልሆነ ንገሩት። ሁለት ጊዜ አርማችሁት ካልተስተካከለ ግን መሟገቱን ተዉትና አዲስ ውይይት ከፍታችሁ የተማራችሁትን በመጀመሪያው ትዕዛዝ ውስጥ አስገቡ። የተበላሹት ረቂቆች በውይይቱ ውስጥ እስካሉ ድረስ ሞዴሉ እነሱንም እያነበበ ነው የሚጽፈው፤ ወደዚያው ይጎትቱታል።

አማርኛው

አዳዲሶቹ ሞዴሎች በሰዋስው ብዙም አይወቀሱም። የሚወቀሱት በለዛ ነው፤ አማርኛው የተተረጎመ ይሸታል። «ቁልፍ ሚና ይጫወታል»፣ «በዛሬው ፈጣን ዓለም ውስጥ»፣ «ይህ ድንቅ ጥያቄ ነው» የመሳሰሉት ይደጋገማሉ። «ጥሩ አማርኛ ጻፍ» ማለት አያድነውም። የሚያድነው ናሙና ነው፤ ራሳችሁ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ የጻፋችሁትን ሁለት ሦስት አንቀጽ ሰጥታችሁ «በዚህ አነጋገር ጻፍ፤ ይዘቱን ግን አትቅዳ» በሉት። ናሙናዎቹ የተለያዩ ይሁኑ፤ ሁለቱም በ«እንደሚታወቀው» ከጀመሩ እሱም በዚያው ይጀምራል። አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ እንደሚል ቁረጡለት፤ ለሽማግሌ የሚጻፍ ደብዳቤ መሐል ላይ ከእርስዎ ወደ አንተ መውረዱ የታወቀ ጥፋት ነው። ፊደልም ምረጡለት፤ ፀሐይ፣ ጸሐይና ፀሀይ በአንድ ገጽ ላይ ሲቀላቀሉ ኋላ ሰነድ ውስጥ ቃል መፈለግ ያስቸግራል።

ቅኔ ላይ ግን ብዙ አትድከሙ። ሰምና ወርቅ ያለው ስንኝ ጻፍ ቢባል ቤት የሚመታ ነገር ያመጣና ሥሩ ረጅም ትንታኔ ይጽፍበታል፤ ኅብረ ቃሉን፣ ማለትም ሰሙንም ወርቁንም የሚይዘውን ቃል፣ ፈልጉ ሲባል ግን ቃሉ አይሰነጠቅም፣ ወርቁ ያለው በትንታኔው ውስጥ ብቻ ነው። ዋሸራ ቅኔ ቤት ቢሄድ የመጀመሪያውን ቀን አያልፍም።

የአሮጌ ፋይሎች ጣጣ

ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያሉ የቆዩ የዎርድ ፋይሎች ዩኒኮድ የሚባለው የጋራ የፊደል አመዘጋገብ ከመለመዱ በፊት በነበሩ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። በማያ ገጹ ላይ አማርኛ ይታያሉ፤ ከሥር ግን የተቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፣ ፎንቱ ነው አማርኛ አስመስሎ የሚስለው። ጽሑፉን ገልብጣችሁ ሞዴሉ ላይ ስትለጥፉ የምልክት ቁልል ይሆናል። የከፋው ደግሞ አንዳንዴ ሞዴሉ «አልገባኝም» ከማለት ይልቅ ከፋይሉ ስም ተነሥቶ ይዘቱን ገምቶ ያጠቃልለዋል። ከእነዚህ ፋይሎች የተሠራ ፒዲኤፍም ያው ነው።

መለያው ቀላል ነው። አንድ መስመር ገልብጣችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩ። አማርኛ ሆኖ ከደረሰ ዩኒኮድ ነው። ካልሆነ ወይ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መልሱት፣ ወይ የገጹን ስክሪንሹት ስጡትና በመጀመሪያ «የምታነበውን እንዳለ ገልብጥ፤ ያልተነበበልህን ቦታ [?] አድርግ» በሉት። ከዋናው ጋር ካመሳከራችሁ በኋላ ነው ማጠቃለያ የሚጠየቀው። የታተመ ጽሑፍ በደንብ ያነባል፤ የእጅ ጽሑፍ ላይ ግን በተለይ የሰው ስምና ቁጥር ይስታል።

ገደቡ ለምን ቶሎ ያልቃል?

ሞዴሉ የሚያነበው ቃል ሳይሆን ቶክን የሚባል ቁራጭ ነው፤ ገደብም ዋጋም የሚቆጠረው በዚያ ነው። የእንግሊዝኛ የተለመደ ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ቶክን ይሆናል። አንድ የግዕዝ ፊደል ግን ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የተለመደ የኮምፒውተር የፊደል አቀማመጥ 3 ባይት (የማከማቻ መለኪያ) ይይዛል፤ «ሰላም» 9 ባይት መሆኑ ነው። የአማርኛ ጽሑፍ በሥልጠናው ውስጥ ትንሽ ስለነበርም ቃሉ ለብዙ ቁራጭ ይበጣጠሳል። ስለዚህ ተመሳሳይ ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ገደቡን ቶሎ ይጨርሳል፤ ረጅም ውይይትም ቶሎ ይሞላና ሞዴሉ መጀመሪያ የተነገረውን መዘንጋት ይጀምራል። ለአንድ ሥራ አንድ ውይይት ክፈቱ። ረጅም ሰነድ ስትሰጡ ሰነዱ ከላይ፣ ጥያቄው ከታች ይሁን፤ «መጀመሪያ ለመልሱ መሠረት የሆነውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ጥቀስ፤ ከሌለ በሰነዱ ውስጥ የለም በል» ብላችሁም ጨምሩ።

ትዕዛዙን በእንግሊዝኛ መጻፍ ይሻላል የሚሉ አሉ። ለአሮጌዎቹ እውነት ነበር፤ አሁን ልዩነቱ ጠቧል። በፈተናችሁ ላይ ሁለቱንም ሞክራችሁ እዩት። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቀን ደግሞ ትዕዛዙን ስልኩ ማስታወሻ ላይ ጨርሳችሁ አንድ ጊዜ ላኩት፤ በአሥር አጫጭር መልእክት ከመቀባበል በገደቡም በኔትወርኩም ያተርፋል።

ዓይናችሁን የማትነቅሉባቸው

የፀረ አረም መጠን አንዱ ነው። ቱ ፎር ዲ በሄክታር ስንት ይረጫል ብትሉት በሙሉ ልብ ይነግራችኋል፤ መጠኑ ግን በጠርሙሱ ውስጥ ባለው የመድኃኒቱ ጥንካሬ ይወሰናል። የሌላ አገር ምርት መጠን ተወስዶ እዚህ ባለው ላይ ቢሠራ ሰብል ያቃጥላል ወይ አረሙን አይነካውም። የጠርሙሱን ልጣፍ ፎቶ አንስታችሁ «ከዚህ ላይ አንብብ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ከአእምሮው እንዲናገር መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። የሰው መድኃኒትም እንደዚያው።

ሕግ ሁለተኛው ነው። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133/1998 በአዋጅ ቁጥር 252/2009 ተተክቷል። ሞዴሉ አሮጌውን ሊጠቅስ ይችላል፤ አዲሱም በእንግሊዝኛው ቅጂ 252/2017 ስለሚባል ሁለት የተለያዩ አዋጆች ያደርጋቸዋል። ለክርክር የሚሆን ነገር ከሆነ የአዋጁን ሙሉ ጽሑፍ ስጡትና አንቀጹን ከዚያ ያውጣ፤ የጠቀሰውን አንቀጽም ገልጣችሁ እዩ።

የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የመታወቂያ፣ የሕክምና ካርድ ፎቶ ከመላካችሁ በፊት ስሙን፣ የማሳውን ቁጥርና ፊርማውን በወረቀት ሸፍናችሁ አንሱ፤ በስልኩ ላይ በቀለም ከማጥፋት ይህ አስተማማኝ ነው፣ ስስ ቀለም ከሥሩ ያሳያልና። በሴቲንጉ ውስጥም ውይይታችሁ ለሞዴል ማሠልጠኛ እንዲውል የሚፈቅደውን ማብሪያ ፈልጋችሁ አጥፉት። በአንዳንዶቹ አገልግሎቶች ላይ ካላጠፋችሁት በርቶ ነው የሚቆየው።